የከተማ ወንጀል በንግድ ቤቶችና በአካባቢ ነዋሪዎች ላይ የሚያስከትለው ጉዳት እና የተጎጂዎች መብት

መግቢያ

በከተማ የሚፈጸም የስርቆት፣ የንጥቂያ ወይም የማታለል ወንጀል ንብረቱን ያጣውን ሰው ብቻ የሚጎዳ ድርጊት ተደርጎ ሲወሰድ ይስተዋላል። ይሁን እንጂ አንድ ሱቅ በሌሊት ተሰብሮ ሲዘረፍ ወይም የአንዲት መንገደኛ ስልክ በጠራራ ፀሐይ ሲነጠቅ፣ ጉዳቱ ከንብረቱ ባለቤት አልፎ በዚያው መንገድ የሚነግደውን፣ የሚሠራውንና የሚኖረውን ሁሉ ይነካል። በተለይም ወንጀሉ ለፖሊስ ሳይነገር ሲቀር ኪሣራው በዝምታ ወደ አካባቢው ሰው ይሸጋገራል።

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባን በምሳሌነት በመውሰድ የከተማ ወንጀል በነጋዴውና በነዋሪው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ሕጉ ለተጎጂዎች የሰጣቸውን መብቶች፣ እንዲሁም ወንጀል ሲያጋጥም ሊወሰዱ የሚገባቸውን እርምጃዎች ለዜጎች ግንዛቤ በሚረዳ መልኩ ያቀርባል። ጽሑፉ ለጠቅላላ ዕውቀት የተዘጋጀ በመሆኑ፣ በተናጠል ጉዳይ ላይ ከሕግ ባለሙያ የሚገኘውን ምክር አይተካም።

1. በንግድ ቤቶች ላይ የሚደርስ ጉዳት

የአነስተኛ ነጋዴ ጉዳት ከተሰረቀው ዕቃ ዋጋ በላይ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከእያንዳንዱ 100 ብር ሽያጭ 10 ብር የሚያተርፍ ባለሱቅ የ20,000 ብር ዕቃ ቢሰረቅበት፣ የጠፋውን ለመተካት ብቻ የ200,000 ብር ሽያጭ ማከናወን ይኖርበታል። ይህን እስኪያደርግ ድረስ የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ግብርና የእቁብ መዋጮ አይጠብቁትም። ዕቃውን በዱቤ ያመጣ እንደሆነም ለአከፋፋዩ የሚከፍለው ዕዳ እንዳለ ይቆያል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የጥበቃ ወጪ ነው። የብረት መዝጊያ ማጠናከር፣ ተጨማሪ ቁልፍ ማስገጠም፣ የደኅንነት ካሜራ መትከል፣ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር በጋራ ለሚቀጠር የሌሊት ጥበቃ በየወሩ ማዋጣት ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ነጋዴው ይህን ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ ሲጨምረው ሸማቹ ይከፍለዋል፤ መጨመር ካልቻለ ደግሞ ከራሱ ትርፍ ላይ ይቀነሳል። በጉሊት ንግድ የምትተዳደር እናት ግን መዝጊያም ሆነ ጥበቃ የላትም። በመሆኑም አንድ ቀን የተነጠቀችው ገንዘብ የሚቀጥለው ቀን መነሻ ካፒታሏ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳት የሥራ ሰዓት ማጠር ነው። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይሠራ የነበረ ሱቅ በስጋት ምክንያት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሲዘጋ፣ ከሥራ የሚመለሰው ሸማች በብዛት የሚገበያይበትን ጊዜ ያጣል። አንድ ሱቅ ሲዘጋ በመንገዱ ላይ የነበረው ብርሃንና የሰው እንቅስቃሴ ስለሚቀንስ፣ አጠገቡ ያለውም ቶሎ ለመዝጋት ይገደዳል። ስለሆነም ስጋት ከሱቅ ወደ ሱቅ ይተላለፋል።

የክፍያ ሥርዓቱ እየተለወጠ በመምጣቱ የወንጀሉ መልክም ተለውጧል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ከተስፋፋ በኋላ፣ ገንዘብ እንደተላለፈ የሚያስመስል የሐሰት መልእክት ወይም የስክሪን ቅጂ በማሳየት ዕቃ ይዞ የመሄድ የማታለል ድርጊት ያጋጥማል። ነጋዴዎች ገንዘቡ በራሳቸው ሒሳብ መግባቱን በራሳቸው ስልክ ሳያረጋግጡ ዕቃ ከማስረከብ፣ እንዲሁም የሚስጥር ቁጥራቸውን ለማንም ከመስጠት መቆጠብ ይኖርባቸዋል።

2. በአካባቢ ነዋሪዎች ላይ የሚደርስ ጉዳት

ነዋሪው ከወንጀል ለመዳን ሲል የዕለት ኑሮውን ይቀይራል። በማለዳ ወደ ሥራ የምትወጣ ሠራተኛ አጭሩን መንገድ ትታ ረጅሙን ትመርጣለች፤ በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማር ተማሪ ትምህርቱን ለማቋረጥ ያስባል፤ ከሩቅ በመጨረሻው ታክሲ የሚመለስ አባወራ ከፌርማታ እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ ይፈራል። ምንም ነገር ያልተሰረቀበት ነዋሪ እንኳ በጊዜ፣ በትራንስፖርት ወጪና በነፃነት ዋጋ ይከፍላል።

በመሠረተ ልማት ላይ የሚፈጸም ስርቆትም እንዲሁ የነዋሪው ጉዳት ነው። የመንገድ መብራት ገመድ ሲቆረጥ መንገዱ ይጨልማል፤ የማንሆል ክዳን ሲነሣ ሕፃናትና ዐይነ ስውራን ለአደጋ ይጋለጣሉ፤ የኤሌክትሪክ መስመር ሲጎዳ የወፍጮ ቤቱ፣ የዳቦ ቤቱና የጸጉር ቤቱ ሥራ ይቆማል። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል መረቦችን ደኅንነት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 464/1997 በተለይ የወጣውም ድርጊቱ የብዙ ሰዎችን አገልግሎት የሚያቋርጥ በመሆኑ ነው።

ወንጀልን ለመከላከል የሚወሰድ እርምጃም ለማኅበረሰቡ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ንጥቂያን በምክንያትነት በማንሳት የሞተር ሳይክሎችን እንቅስቃሴ መገደቡ ይታወሳል። ገደቡ በሞተር ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደሩ ወጣቶችንና አገልግሎታቸውን ይጠቀሙ የነበሩ ንግድ ቤቶችን ጭምር ነክቷል። ጥቂቶች የሚፈጽሙት ወንጀል በሕጋዊ መንገድ የሚሠሩ ብዙዎችን እንዴት እንደሚነካ ይህ አንድ ማሳያ ነው።

3. ሳይነገር የሚቀር ወንጀል

ብዙ ተጎጂዎች ወደ ፖሊስ ከመሄድ የሚቆጠቡባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። «ዕቃው አይገኝም»፣ «ሱቄን ዘግቼ መመላለስ አልችልም»፣ «ዛሬ ቢያዝ ነገ ይፈታል»፣ «ይበቀለኛል» የሚሉት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ስጋቶቹ ከልምድ የመነጩ በመሆናቸው በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። ነገር ግን ዝምታው የሚያስከትለውን ውጤት መመልከትም ተገቢ ነው።

ፖሊስ የጥበቃ ስምሪቱን የሚያደራጀው በሚደርሰው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። በአንድ ቅያስ በተደጋጋሚ የተፈጸሙ ንጥቂያዎች ካልተነገሩ፣ ቦታው በመዝገብ ላይ ሰላማዊ ሆኖ ይታያል። የተያዘ ተጠርጣሪ የፈጸማቸው ሌሎች ድርጊቶች ካልተመዘገቡም ምርመራው በአንዱ ብቻ ይወሰናል። የተገኘ ንብረት ቢኖርም ባለቤቱ ስላላመለከተ ለማን እንደሚመለስ አይታወቅም። ከዚህም በላይ የመድን ዋስትና የገባ ነጋዴ ካሣ ሲጠይቅ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ አነስተኛ መስሎ የሚታየውን ወንጀል ማስመዝገብ ለራስም ለአካባቢም የሚጠቅም ተግባር ነው።

«ይፈታል» የሚለውን ስጋት በተመለከተ፣ በዋስ መለቀቅ ማለት ነፃ መባል ማለት አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ፣ በሕግ ከተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ደግሞ በዋስ የመፈታት መብት አለው። በአንቀጽ 20 መሠረትም በፍርድ ሒደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። ተጠርጣሪው በዋስ ቢወጣም ምርመራውና ክሱ ይቀጥላል። ይሁንና ምስክሮችን ያስፈራራ ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ የሚችል መሆኑ ሲታመን ፍርድ ቤት ዋስትናን ሊከለክል ይችላል። በመሆኑም ማስፈራራት የደረሰበት ተጎጂ ድርጊቱን ሳይውል ሳያድር ለመርማሪ ፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ማሳወቅ ይገባዋል።

4. ሕጉ ድርጊቶቹን የሚመለከትበት መንገድ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በተለምዶ «ሌብነት» ወይም «ዘረፋ» የሚባሉትን ድርጊቶች እንደ አፈጻጸማቸው ይለያል።

ስርቆት፦ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሌላ ሰውን ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለአግባብ ለመበልጸግ ወይም ሌላውን ለማበልጸግ በማሰብ መውሰድ ነው። በአንቀጽ 665 መሠረት እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት ወይም ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ከባድ ስርቆት፦ በቡድን ተደራጅቶ ወይም ቤት ሰብሮ እንደመግባት ያሉ የሚያከብዱ ሁኔታዎች ሲኖሩ አንቀጽ 669 ተፈጻሚ ይሆናል፤ ቅጣቱም ከፍ ይላል።

ውንብድና፦ ንብረቱን ለመውሰድ ወይም ይዞ ለማምለጥ በሰው ላይ ኃይል መጠቀም ወይም በከባድ ሁኔታ ማስፈራራት ሲኖር፣ ድርጊቱ በአንቀጽ 670 እና 671 ይሸፈናል። በጦር መሣሪያ የተፈጸመ ወይም በተጎጂው ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ያስከተለ ሲሆን ይበልጥ ይከብዳል።

ማታለል፦ በሐሰተኛ አነጋገር ወይም ሁኔታ ሌላውን አሳስቶ ጥቅሙን የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም ማድረግ በአንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ነው። የሐሰት የክፍያ መልእክት አሳይቶ ዕቃ መውሰድ በዚህ ዐይነት ሊታይ ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው ተጎጂው ቃሉን ሲሰጥ የሚጠቅሳቸው ዝርዝሮች የክሱን ክብደት የሚወስኑ መሆናቸውን ነው። ስልኩ ከኪስ ተወሰደ ወይስ እጅ ተጠምዝዞ ተነጠቀ? ሌባው ብቻውን ነበር ወይስ ሌሎች አብረውት ነበሩ? ስለት አሳይቷል? እነዚህ ነጥቦች ሳይጨመሩም ሳይቀነሱም መነገር ይኖርባቸዋል። ሆን ብሎ የሐሰት ጥቆማ ማቅረብ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

5. ወንጀል ሲፈጸም ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

ሀ. ደኅንነትን ማስቀደም። ከንብረት ሕይወት ይበልጣል። ወንጀሉ እየተፈጸመ ከሆነ በአዲስ አበባ በነፃ የስልክ መስመር 991 ለፖሊስ ማሳወቅ ይቻላል። የእሳት ወይም ሌላ ድንገተኛ አደጋ ከደረሰ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ይገባል።

ለ. ቦታውን አለመነካካት። የተሰበረ በር፣ የተቆረጠ ቁልፍ፣ የተጣለ መሣሪያ ወይም የእጅ አሻራ ሊገኝበት የሚችል ዕቃ ፖሊስ እስኪደርስ ባለበት መቆየት አለበት። ሱቁን ቶሎ አጽድቶ ሥራ መጀመር ማስረጃን ያጠፋል።

ሐ. የካሜራ ምስልን ማስቀመጥ። የደኅንነት ካሜራዎች አሮጌውን ምስል በአዲስ እየተኩ የሚቀዱ በመሆናቸው የተፈለገው ክፍል ከመጥፋቱ በፊት ተቀድቶ መያዝ ይኖርበታል። የራስ ካሜራ ባይኖርም የጎረቤት ሱቅ፣ የባንክ ወይም የሕንፃ ካሜራ መኖሩን ለመርማሪው መጠቆም ጠቃሚ ነው።

መ. ለፖሊስ ማመልከት። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንኛውም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም በዐይኑ ያላየ ቢሆንም፣ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ የማመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አቤቱታው በቃል ሊቀርብ ይችላል፤ በጽሑፍ ከሰፈረ በኋላ ቀን ተጽፎበት አመልካቹ ይፈርምበታል። ከመፈረም በፊት የሰፈረው ቃል ከተናገሩት ጋር አንድ መሆኑን አንብቦ ወይም አስነብቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የመዝገቡን ቁጥርና ጉዳዩን የያዘውን መርማሪ ስም መዝግቦ መያዝ ለቀጣይ ክትትል ይረዳል።

ሠ. የባለቤትነት ማስረጃ ማቅረብ። የግዢ ደረሰኝ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የመለያ ቁጥርና ፎቶግራፍ ዕቃው ሲገኝ ለማስመለስ ያስችላሉ። እያንዳንዱ የሞባይል ስልክ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው ሲሆን *#06# በመጫን ማወቅ ይቻላል። ይህን ቁጥር ስልኩ ከመጥፋቱ በፊት በወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ይመከራል።

ረ. ስልክ ሲሰረቅ ሒሳብን ማሳገድ። ወዲያውኑ የሲም ካርዱን አገልግሎት ማቋረጥ፣ ባንክንና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሰጪውን ማሳወቅ ከስልኩ ዋጋ የበለጠ ጉዳት እንዳይደርስ ያደርጋል።

ሰ. የጊዜ ገደብን ማክበር። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች፣ በመርሕ ደረጃ ተጎጂው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለባቸው። የመድን ውል ያላቸው ነጋዴዎችም በውሉ የተመለከተውን የማሳወቂያ ጊዜ ማየት ይኖርባቸዋል።

6. ካሣ እና ንብረት ማስመለስ

የወንጀል ክስ ዓላማ ጥፋተኛውን ማስቀጣት ብቻ አይደለም። በወንጀሉ የተጎዳ ሰው በወንጀል ችሎቱ ላይ የካሣ ጥያቄ ማቅረብ እንዲችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 154 ፈቅዷል። ጥያቄው የሚቀርበው የክርክሩ ሒደት ሲጀመር በመሆኑ፣ ተጎጂው ስለዚህ መብት አስቀድሞ ከዐቃቤ ሕግ ጋር መነጋገር ይጠቅመዋል። ችሎቱ ጥያቄውን ሳይቀበል ከቀረ ተጎጂው በፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት የተለየ ክስ የማቅረብ መብቱ የተጠበቀ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ የካሣ ክስ በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል።

የተገኘ ንብረት ለማስረጃነት በኤግዚቢትነት ተይዞ ሊቆይ ይችላል። ለንግድ ሥራው በአስቸኳይ የሚያስፈልገው ወይም የሚበላሽ ዕቃ ሲሆን ባለቤቱ ዕቃው እንዲመለስለት በጽሑፍ ማመልከት ይችላል።

7. የተሰረቀ ዕቃ መግዛት

ስርቆት ገበያ ባያገኝ ኖሮ አይዘልቅም። በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የገዛ፣ በመያዣ የያዘ፣ የደበቀ ወይም በመሸጥ የተባበረ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 መሠረት በመሸሸግ ወንጀል ይጠየቃል። በቅን ልቦና የገዛም ቢሆን ከኪሣራ አይድንም፤ ባለቤቱ የተሰረቀ ንብረቱን መልሶ ሊጠይቀው ስለሚችል ገንዘቡን ለማግኘት ሻጩን መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ያገለገሉ ስልኮችን፣ የመኪና ዕቃ መለዋወጫዎችን፣ ብረታ ብረትና ገመድ የሚገዙ ነጋዴዎች የሻጩን መታወቂያ መመልከት፣ ስምና የዕቃውን መለያ ቁጥር መመዝገብ፣ እንዲሁም ከገበያው ዋጋ እጅግ ያነሰ ዋጋ ሲቀርብላቸው መጠርጠር ይኖርባቸዋል። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ራሱን ከተጠያቂነት ይጠብቃል፤ የጎረቤቱም ንብረት በአጠገቡ እንዳይሸጥ ያደርጋል።

8. የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ

በቀልን መፍራት ሰው እውነትን ከመናገር እንዲቆጠብ ያደርጋል። ይህን ለመቅረፍ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል። ጥበቃው የሚሰጠው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት በሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ላይ ለሚመሰክሩ ወይም ጥቆማ ለሚሰጡና ከባድ አደጋ ለተጋረጠባቸው ሰዎች ነው። ማንነትን መሰወር፣ የአካል ጥበቃ ማድረግ፣ የመኖሪያ ቦታ መቀየር፣ ከመጋረጃ በስተጀርባ ወይም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ምስክርነት ማሰማት ከጥበቃ እርምጃዎቹ መካከል ይገኛሉ። ስጋት ያለበት ምስክር ጉዳዩን ለዐቃቤ ሕግ በማስረዳት ጥበቃ መጠየቅ ይችላል። በአዋጁ በማይሸፈኑ ወንጀሎችም ቢሆን የደረሰን ማስፈራራት ማስመዝገብ አይከለከልም።

9. ራስን መከላከልና የደቦ ፍርድ

ሕግ በራስ ወይም በሌላ ሰው መብት ላይ እየደረሰ ያለን ወይም ሊደርስ የተቃረበን ሕገ ወጥ ጥቃት፣ ሌላ ማስወገጃ ሲታጣ፣ በተመጣጣኝ መንገድ መከላከልን ይፈቅዳል። እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ፣ ድርጊቱ ቢያንስ በሦስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ማንኛውም ሰው ይዞ ሳይዘገይ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ማስረከብ ይችላል።

ከዚህ አልፎ የተያዘን ሰው መደብደብ፣ ማሰር ወይም ማዋረድ ወንጀል ነው። «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተከትሎ በሚፈጸም የደቦ ፍርድ ምንም የማያውቅ መንገደኛ ሊጎዳ ይችላል። በድብደባው የተሳተፈው ነጋዴ ወይም ነዋሪ ደግሞ ከተበዳይነት ወደ ተከሳሽነት ይሸጋገራል፤ የተሰረቀውን የሚያስመልስበት ማስረጃም ይበላሻል።

10. አካባቢው በጋራ ሊያከናውናቸው የሚችሉ ተግባራት

ወንጀልን መከላከል የፖሊስ ሥራ ብቻ አይደለም። በየአካባቢው በተዘረጋው የማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት አማካይነት ነጋዴዎችና ነዋሪዎች የሚከተሉትን ማከናወን ይችላሉ።

የጠፋ የመንገድ መብራትን፣ የተነሣ የማንሆል ክዳንን፣ አጥር አልባ የግንባታ ቦታንና ለመደበቂያ የሚያመቹ ሥፍራዎችን ዘርዝሮ ለወረዳ አስተዳደር በጽሑፍ ማቅረብ፤ ደብዳቤው ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን መያዝ፤ መልስ ካልተገኘ ለክፍለ ከተማ ማቅረብ።

ወንጀል የተፈጸመባቸውን ቀኖች፣ ሰዓቶችና ቦታዎች በአንድ መዝገብ ይዞ ለአካባቢው ፖሊስ በየጊዜው ማሳወቅ። ይህ ጥቅል አቤቱታ ከማቅረብ የተሻለ ውጤት አለው።

የሱቅ መዝጊያ ሰዓትን በመነጋገር ማቀራረብ። ሱቆች በተመሳሳይ ሰዓት ሲዘጉ የመጨረሻው ነጋዴ ብቻውን አይቀርም፤ ሠራተኞችም አብረው ወደ ትራንስፖርት ይሄዳሉ።

በጋራ የሚቀጠርን ጥበቃ ማንነት አጣርቶ፣ ዋስ አስጠርቶና በጽሑፍ ውል መቅጠር፤ ደመወዙንም በወቅቱ መክፈል።

በእድርና በሌሎች የአካባቢ ማኅበራት አማካይነት ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ወደ ሥልጠናና ወደ ሥራ ዕድል የሚያደርሱ ግንኙነቶችን መፍጠር። አንድን ወጣት በአለባበሱ ወይም በመጣበት አካባቢ ብቻ በወንጀለኛነት መፈረጅ ግን መተማመንን ያጠፋል እንጂ ጸጥታን አያመጣም።

ማጠቃለያ

የከተማ ወንጀል የአንድን ሰው ኪስ ወይም የአንድን ሱቅ መደርደሪያ ባዶ ከማድረግ ባለፈ የሥራ ሰዓትን፣ የዕቃ ዋጋንና የነዋሪውን ነፃ እንቅስቃሴ ይነካል። የጉዳቱ አንድ ክፍል ወንጀለኛው የሚያደርሰው ሲሆን ሌላው ክፍል ከዝምታ የሚመነጭ ነው። በመሆኑም ዜጎች የደረሰባቸውን ወንጀል አነሰ ሳይሉ እንዲያስመዘግቡ፣ የመዝገብ ቁጥራቸውን ይዘው እንዲከታተሉ፣ ካሣ የመጠየቅና ጥበቃ የማግኘት መብታቸውን እንዲጠቀሙ፣ ምንጩ ያልታወቀ ዕቃ ከመግዛት እንዲቆጠቡ፣ የተያዘን ተጠርጣሪም ለሕግ እንዲያስረክቡ ይመከራል። ወንጀልን ማመልከት ክፍያ የማይጠየቅበት መብት ነው። አቤቱታዬ አልተመዘገበልኝም የሚል ተገልጋይ ጉዳዩን ለፖሊስ ጣቢያው ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለዐቃቤ ሕግ ማቅረብ ይችላል።